ያልታጠበ ገበር

ቦርሳ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቆዳውን ያሻል፣ ቀጥሎ ስፌቱን ያገላብጣል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ገበሩን ልብ ብሎ የሚያይ የለም። የሚያየው ገዝቶ ከሄደ በኋላ፣ ቁልፍ ጠፍቶበት በሩ ላይ ቆሞ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ሲበረብር ነው። ያን ጊዜ ሠሪውን ወይ ይመርቃል ወይ ይረግማል። እኔ የቆዳው ሰው ነኝ። የምመረቀውም የምረገመውም ግን በሚስቴ ሥራ ነበር፤ ገበር የምትመርጠው እሷ ነበረችና።

ሥራችን እንዲህ የተከፈለ ነበር። ቆዳ መግዛት፣ መቁረጥ፣ በወስፌ መብሳትና መስፋት የኔ፤ ከውስጥ የሚገባው ጨርቅ የእሷ። ሱቃችን ጠባብ ሆና ሳለ ሁለት ጠረጴዛ ነበረን። የእሷ ጠረጴዛ ላይ ቢላዬን ከጣልኩ "ድንበር አለፍክ" ትለኝና በሁለት ጣቷ አንስታ ወደኔ ትመልሰዋለች። ደንበኞች እኔን "ኮስታራው" ይሉኛል፤ እሷን "ባለ ገበሯ"። እኔ የምኮሳተረው ስሠራ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለምሠራ ግን ልዩነቱን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰው ቦርሳ ሊያዝ ሲመጣ እሷ ስለ ቀለም አትጠይቅም። "እስቲ አሮጌውን ቦርሳሽን እዚህ ገልብጪው" ትላለች። ሴትዮዋ ታፍራለች፣ ትስቃለች፣ በመጨረሻ ትገለብጠዋለች። የደቀቀ ብስኩት፣ ቀለሙን የተፋ እስክሪብቶ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የተረሳ ቁልፍ ይወጣል። ሚስቴ ያንን አይታ ትወስናለች። ቁልፍ ለምታበዛ ወፍራም ሸራ። ዓይኗ ለደከመ ፈካ ያለ ጥጥ፤ "ጥቁር ገበር ውስጥ የወደቀ ነገር ጉድጓድ ገባ በይው" ትላለች። የኪስ ቦርሳ ለሚያዝ ወንድ ደግሞ ስስ ጨርቅ፣ ወፍራም ከሆነ ኪሱ ውስጥ ድንች የያዘ ይመስላልና። ሳቲን አትወድም። ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ፤ ዓመት ሳይሞላው ከስፌቱ ሥር ይተረተራል። ሳቲን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ሙጭጭ የሚል ደንበኛ ሲገጥማት "እሺ ወንድሜ፣ ሲተረተር ግን ወደዚህ መንገድ አትምጣ" ትለዋለች። ሰውዬው ይስቅና ጥጥ ያዛል።

አንድ ሕግ ነበራት። "ያልታጠበ ገበር ቆዳዬን አይነካም።" ቆዳዬን ትላለች እንግዲህ፣ ቆዳው የኔ ሆኖ ሳለ። ምክንያቷ ግን ልክ ነበር። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ከቆዳ ጋር ተሰፍቶ አንድ ቀን ዝናብ ቢነካው ይሰበሰባል፤ እሱ ሲሰበሰብ ቆዳውንም ይዞት ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይለቃል። ስለዚህ ማንኛውም ጨርቅ ከየትም ይምጣ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይሰጣል፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ይተኮሳል። መቀስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቷ አርጅተው ከኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ ማጠቡን ለእሳቸው ሰጠቻቸው። አማቴ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው፤ ሥራ ሲያጡ ከሰው ጋር ይጣላሉ። ከሱቁ ጀርባ ቧንቧና የልብስ ገመድ ያላት ትንሽ ጓሮ አለች፣ እዚያ በርጩማቸውን አድርገው ይውላሉ። ወደ ውስጥ መግባት አይወዱም። "የቆዳው ሽታ ናላዬን ያዞረዋል፣ እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?" ይላሉ። የምን ሽታ? እኔ ምንም አይሸተኝም። ቆዳ ሥራ የገባሁት ገና ጢም ሳላወጣ ነው፤ አፍንጫዬ ለሌላው ነገር ሁሉ ይሠራል፣ ለቆዳ ብቻ ጡረታ ወጥቷል። አማቴ ታዲያ ጠዋት ጠዋት አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ይዘው ይገቡና፣ በልጃቸው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አፍሰው ወደ ቧንቧው ይወጣሉ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ይታጠባል። ጥያቄ የለም።

ከዚያ ሚስቴ ሞተች። አረፈች፣ ተለየችን፣ ሌላም ሌላም የሚባል አለ፤ እኔ ሞተች ነው የምለው፣ ማሳመሩ አያምረኝም። ሆስፒታል ስትገባ ትመለሳለች ብለን ነበር፤ እሷም ብላ ነበር። ለአንዲት ደንበኛ ግራጫ ጥጥ መርጣ፣ "ስመለስ እቆርጠዋለሁ፣ እንዳትነካው" ብላኝ ነው የሄደችው። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ "ላያስችል አይሰጥም" አለኝ። አንዱን አንገቱን አንቄ "አልቻልኩትም እኮ" ልለው ምንም አልቀረኝም። ግን ዝም አልኩ፣ ሰውም ኮስታራ ነው ብሎ አለፈኝ።

ያለችን አንድ ልጅ ናት። ትምህርቷን እንደጨረሰች ሩቅ ከተማ ላለ መሥሪያ ቤት አመልክታ ነበር፣ እናቷ ገና ደህና ሳለች። መልሱ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው። አልሄድም አለች። ያስገደዷት አማቴ ናቸው። "እናትሽ ብትኖር ሻንጣሽን ራሷ ተሸክማ ነበር ከበር የምታወጣሽ" አሏት። በመጨረሻ እሺ አለች። እኔን ግን አንድ ነገር ለመነችኝ።

የእናቷን የቤት ቀሚስ ፌስታል ውስጥ ቋጥራ ይዛው ኖሯል። ሆስፒታል ልትሄድ ስትል ያወለቀችው ነው፣ ያልታጠበ። ልጄ ሆድ ሲብሳት ቋጠሮውን ትፈታለች፣ አፍንጫዋን ታስገባለች፣ እንዳያልቅባት ቶሎ ትቋጥረዋለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ በአንድ ቤት እየኖርን።

"አባዬ፣ ቦርሳ ሥራልኝ" አለችኝ፣ አያቷ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ። "ገበሩ ይሄ ይሁን። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ሆድ ሲብሰኝ ሰው መሐል ፌስታል እያወጣሁ ማሽተት አልችልም። ቦርሳ ግን ማንም ከፍቶ ያያል፣ ማን ልብ ይለኛል?"

አንጀቴን በላችው። እንባዬን ግን ዋጥ አደረግሁና የሥራ ነገር አወራሁ፤ ልማዴ ነው። "ገበር እንዲህ ዝም ብሎ አይመረጥም፣ እናትሽ ብትሰማ ትስቅብናለች። እስቲ ቁም ሣጥኑን ክፈቺው" አልኳት። አማቴ ከወዲያ ሆነው ቁም ሣጥን የሚለውን ሲሰሙ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። የልጃቸው ቁም ሣጥን ሲከፈት ማየት አልቻሉም።

አልጋው ላይ ዘረገፍነው። መጀመሪያ የሠርግ ጥሪ ሲኖር የምትለብሰው ሰማያዊ ቀሚስ ወጣ። ሳቲን ነው። ስትገዛው "አንቺም ሳቲን?" ብያት "እኔ ቦርሳ ነኝ እንዴ?" ብላኝ ነበር። ጠርዙን በጥፍሬ ሳብ ባደርገው ክሩ ተፈታ፤ ለገበር አይሆንም። ሹራቧን አነሣሁ፣ ተስቦ የሚቀር ነገር ነው፣ ዕቃ ሲገባበት እንደ ሆድ ይዘረጠጣል። የቤት ቀሚሱ ግን ድፍን ያለ ጥጥ ነበር፣ ከመለበስ ብዛት የለሰለሰ ግን ያልሳሳ። ጣቴ ወደደው። ልጄ በበኩሏ አንዱንም በጣቷ አልነካችም፤ እያነሣች የምታሸት ብቻ ነበረች። ሳቲኑ ሳጥን ሳጥን ይላል፣ ሹራቡ ሳሙና ሳሙና። የቤት ቀሚሱ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ተቀብያት እኔም አሸተትኩ። ሚስቴ እዚያ ነበረች፣ ሙሉ በሙሉ።

"ይሄ ነው" አልኳት።

"አልኩህ አይደል" አለችኝ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

በማግሥቱ ፌስታሉን እንደተቋጠረ ሱቅ ወሰድኩት። ልለካው ብቻ ነበር። ፈታሁና ዘረጋሁት፣ የት እንደዘረጋሁት ግን አትጠይቁኝ። ገበር የሚዘረጋው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን እጄ ሌላ ቦታ አያውቅም። የወረቀት ልኬቱን ላዩ ላይ እያስቀመጥኩ ሳለ ቆዳ ነጋዴው ደወለ። ለልጄ ቦርሳ ብዬ ያዘዝኩት ቆዳ መጥቷል፣ ሌላ ሰው አይቶታል፣ ቶሎ ድረስ አለኝ። ወረቀቱን አነሣሁ፣ ቀሚሱን እንደተዘረጋ ትቼ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ቆዳውን በብብቴ ይዤ ስመለስ ልጄ በሩ ላይ አገኘችኝ፤ ቦርሳዋ ሲቆረጥ ልታይ መጥታ ነው። አብረን ገባን። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። እኔ ቆሜ ስቀር እሷ በጓሮው በር አለፈች፣ ተከተልኳት። ቀሚሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ጥላ ላይ፣ እንደ ሕጉ። ጫፉ ውሃ ያንጠባጥባል።

አማቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ከሳሙናው ቀልቷል፣ ዓይናቸውም እንደዚያው።

"ለብቻው ነው ያጠብኩት" አሉን። "ከሌላው ጋር አልቀላቀልኩትም። ውሃውን ደጋግሜ ቀየርኩለት። አንገቱ ላይ የፀጉር ቅባት ነገር ነበረበት፣ እሱም ለቀቀልኝ።"

"እማማ፣ ምነው፣ ማን እጠቡት አለዎት?" አልኩ። ድምፄ ሱቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩኝ። "ገበር ሊሆን አይደል ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጋኸው? ያልታጠበ ገበር ቆዳዬን አይነካም ትል አልነበር?"

ሕጉ የራሷ ነው፣ ያስተማረቻቸውም ራሷ ናት። እሳቸውም የልጃቸውን ቃል ጠብቀው፣ እያለቀሱ፣ ያለ የሌለ ጉልበታቸውን አፍስሰው ልጃቸውን አጥበው አወጡ።

ልጄ ወደ ገመዱ ሄደች። ፊቷን እርጥቡ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች። ውሃው በአገጯ በአንገቷ እየወረደ ሸሚዟን ሲያረጥበው አያለሁ። ከዚያ ዞር አለች። አያቷ ፊት ተንበርክካ ያንን የቀላ እጃቸውን ሳመች።

"እጅሽ ይባረክ እማማ። ንጹሕ አድርገሽ ነው ያጠብሽው" አለቻቸው።

እኔን ደግሞ አንዴ አየት አደረገችኝ፤ አፍህን ያዝ ማለቷ ነው። ያዝኩ። አማቴ እስከ ዛሬ አያውቁም። ቀሚሱን ጠፈፍ ሲል ራሳቸው ተኩሰው፣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አሁንም አልፎ አልፎ "ያ ቀሚስ መቼ ነው የሚቆረጠው?" ይሉኛል። ቆዳ አጣሁ እላቸዋለሁ።

ሁለታችን ብቻ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ "ተወው አባዬ፣ በሸራ አድርግልኝ። ለቁልፍ ይሆነኛል" አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሷ ሰምቼ አላውቅም፣ የደከማት አሮጊት ድምፅ ነበር።

እኔ ደግሞ የደበቅኩት ነገር ነበረኝ። የሥራ ሽርጧን። ጨርቅ ስትቆርጥ የምታደርገው ወፍራም የጥጥ ሽርጥ፣ ኪሱ ላይ መቀሷ የቀደደው ቀዳዳ ያለበት። በየሳምንቱ መጨረሻ ይታጠብ ነበር፤ ሆስፒታል የገባችው ሳምንቱ ሳያልቅ ስለሆነ ሳይታጠብ ቀረ። ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለበት አንሥቼ፣ አማቴ አይተው እንዳያጥቡብኝ የቆዳ ሣጥኔ ውስጥ ከቆዳዎቹ መሐል ከተትኩት። እሳቸው ሣጥኑ አጠገብ አይደርሱም። ሱቁ ጭር ሲልልኝ አወጣዋለሁ፣ ፊቴን እሸፍንበታለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ለልጄም አልነገርኳትም። እሷ በፌስታል፣ እኔ በሣጥን፣ አንዳችን ከአንዳችን ተደብቀን አንዲት ሴት ስናሸት ከርመናል። ስስት ነው። ለገዛ ልጁ የሚሰስት አባት አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን እዩኝ።

ልጄና አያቷ ዘመድ ሊሰናበቱ በሄዱ ቀን ሱቁን ከውስጥ ቆለፍኩና ሽርጡን የሚስቴ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። በኔ ቢላ መቁረጥ አስጠላኝ፣ በሷ መቀስ ቆረጥኩት። የመጀመሪያው ቅድ ሲሰማ መቀሱን አስቀምጬ መልሼ አነሣሁት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። አላጠብኩትም። ማስቲሽም አልቀባሁም፣ ጠረኗን ይገድለዋል ብዬ። ገበሩን የቦርሳው አፍ ላይ ብቻ በእጄ ሰፍቼ ታቹን ልቅ ተውኩት፣ ከረጢት ሆኖ እንዲንጠለጠል። እሷ ብታየው "ይሄ ገበር ነው ወይስ የተሰጣ ካልሲ?" ትለኝ ነበር። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ መጥፎው ገበር እሱ ነው። የሽርጡ ማሰሪያዎች ለገበር አይሆኑም፤ አንደኛውን ቦርሳው ውስጥ የቁልፍ መያዣ አደረግሁት፣ ሌላኛውን ኪሴ ከተትኩ። ስጨርስ አፍንጫዬን ቦርሳው ውስጥ አስገባሁ። እሷ ብቻ ነበረች። ከሷ በቀር ምንም አልሸተተኝም።

ቦርሳውን የሰጠኋት አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። ከፈተችው፣ የኪሱን ቀዳዳ አየች፣ አወቀችው።

"ሽርጧ ነው? ከየት አመጣኸው?"

"ነበረኝ" አልኳት። ከዚያ አማቴ እንዳይሰሙ ጠጋ ብዬ፣ "አልታጠበም።"

ፊቷን እስከ ጆሮዋ ቦርሳው ውስጥ አስገባች። ሻንጣ የሚጭኑት ሰዎች እየዞሩ አዩዋት። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ ያኔ ያላለቀሰችውን ሁሉ።

"አለች?" አልኳት።

ከቦርሳው ውስጥ ሆና "አለች" ስትል ሰማኋት።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ሰው ያምነኛል? የቀረኝን አንድ ነገር ቆርጬ ለልጄ ሰጠሁ፣ ደረሰላት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደህና እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ደንበኛ ሳይቀር አስቄ ነበር፤ አማቴ ምን ነካው ብለው ተጨነቁ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ለእጮኛዋ የኪስ ቦርሳ ልትገዛ መጣች። አንዱን አነሣች፣ ከፈተች፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በረጅሙ ሳበች።

"የቆዳ ሽታ እንዴት ደስ እንደሚለኝ" አለች።

"ገበሩ ጥጥ ነው" አልኳት፤ ያሸተተችው ውስጡን ነበርና።

ሳቀችብኝ። "ጋሼ፣ ጥጥ ይሁን ሌላ ምን ለውጥ አለው? የእናቴ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ሽቶ ተሰብሮ ነበር። ከጊዜ በኋላ ስንከፍተው ቆዳ ቆዳ ብቻ ነው የሚለው። ቆዳ ሁሉንም ይውጣል። ለነገሩ እርስዎ ነዎት ይህን የሚነግሩኝ።"

እኔ ነኝ የምነግራት። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው። የኪስ ቦርሳውን ጠቀለልኩላት፣ የገንዘቧን መልስ ሰጠኋት፣ ደህና ሁኚ ማለቴን ግን እንጃ።

እንደወጣች ማሰሪያውን ከኪሴ አውጥቼ አሸተትኩት። አለች። የታወቀች ሚስቴ። ይዤው ጓሮ ወጣሁ።

"እማማ፣ እስቲ ዓይንዎን ጨፍነው ይሄን ያሽትቱልኝ።"

"ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው?" አሉ። ቢሆንም ጨፈኑ። አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። የልጃቸውን ስም ጠርተው እንዲያለቅሱ ነበር የጠበቅኩት፣ እውነቴን ነው፣ እንዲያለቅሱ ጸለይኩ። እሳቸው ፊታቸውን አጨፈገጉና ዓይናቸውን ገልጠው ራቅ አሉ።

"ቆዳ ነው እንጂ ምን ይሆናል። ያንተ ሽርጥ ማሰሪያ ነው? አንተን አንተን ይሸታል። አምጣው ልጠበው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ማሰሪያውን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁት። ቧንቧው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ከቆዳ መሐል ያስቀመጥኩት እኔ። በቆዳ የለበጥኩት እኔ። ለኔ አፍንጫ ቆዳው ስለሌለ እሷ ብቻዋን ቀረችልኝ፤ ለሌላ ሰው ሁሉ ግን እሷ ከቆዳው ሥር ከጠፋች ቆይታለች። ሽርጡ ለማንም የማይሆን፣ ለኔ ብቻ የሚሆን ነገር ነበር። እሱንም ቆራርጬ ጨረስኩት።

እሑድ ልጄ ስትደውል አማቴን አስቀደምኩ። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ብርዱ ጠየቋት፣ መረቋት፣ ስልኩን ሰጡኝ። ይዤው ደጅ ወጣሁ።

"አልሸተተሽም፣ አይደል?" አልኳት።

ከበስተጀርባዋ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ቆዳ ነው የሚሸተው አባዬ" አለችኝ በመጨረሻ። "አንተን ነው የሚሸተው።"

"ታዲያ ለምን አለች አልሽኝ?"

"ቆርጠኸው ነበራ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። መናኸሪያው ላይ ያን ሁሉ ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ለራሷ ብቻ አልነበረም።

"እኔ እኮ ቦርሳውን እወደዋለሁ" አለችኝ። "ከትከሻዬ አይወርድም። አንተን ግን ይሸትሃል? እውነቱን ንገረኝ።"

"ይሸተኛል።"

"የቀረ ነገር አለህ?"

"አንድ ማሰሪያ።"

"አሁን ይዘኸዋል?"

ከኪሴ አወጣሁት። "ይዤዋለሁ።"

"እስቲ ንገረኝ፣ ምን ምን ይላል?"

እኔ ስለ ቆዳ እንጂ ስለ ጠረን ማውራት አልችልበትም። ቢሆንም ሞከርኩ። መጀመሪያ የፀጉር ቅባቷ ይመጣል አልኳት፣ ያ በክብ ቆርቆሮ የሚሸጠው፣ ከጆሮዋ ጀርባ የምትቀባው። ከሱ ቀጥሎ ካውያ የነካው እርጥብ ጥጥ። ከሁሉም ሥር ደግሞ ስም የሌለው ነገር አለ፣ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ አንገቷ ሥር የሚሞቀው፣ ሕፃን ሆነሽ አፍንጫሽን የምትቀብሪበት። እዚህ ላይ አቆምኩ።

"አወቅኩት" አለች። "ቀጥል አባዬ።"

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። አማቴ ስለ ሥራዋ የምናወራ ይመስላቸዋል። ማሰሪያውን ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ የማስቀምጠው ቤት ነው፣ ከቆዳ አርቄ፤ የሚፈታውም ስትደውል ብቻ ነው። ያም ሆኖ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ቅባቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ካውያው። ስም የሌለው ነገር ብቻውን ቆየ። ለልጄ ግን ሦስቱንም እነግራታለሁ፣ በተራቸው።

ያለፈው እሑድ ስልኩ ሲጠራ ቋጠሮውን ፈታሁ። ማሰሪያውን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። ገለበጥኩት፣ ወገቧ ላይ የምትቋጥረው ጫፍ ይሻላል ብዬ እሱንም ሞከርኩ። ፌስታሉን ራሱን አሸተትኩ። ምንም አልነበረም። ጨርቅ ብቻ ነበር።

"አባዬ? አለች?" አለችኝ ልጄ።

"አለች" አልኳት፤ ከፀጉር ቅባቷ ጀመርኩላት።